ባለ 22 የዒላማ ሽጉጥ የተተኮሰ ቀለህ አልወረውር አለ፤ ሞላው ይቀየር ወይስ ሌላ ምክንያት ይኖራል?

ድሬ 25 ሜትር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በድሬዳዋ በአንድ የስፖርት ክበብ ውስጥ የ25 ሜትር የሽጉጥ ዒላማ ተኩስ የምለማመድ ነኝ። የምጠቀምበት ሽጉጥ በክበቡ ስም የተመዘገበ፣ ዕድሜ የጠገበ፣ ባለ 22 ሎንግ ራይፍል ጥይት የሚጎርስ ከፊል አውቶማቲክ መሣሪያ ነው። ለረጅም ጊዜ ያለ እንከን ሲሠራ ቆይቶ፣ የግንቦት ሙቀት ከገባ ወዲህ የተተኮሰውን ቀለህ (የጥይቱን ባዶ ቅርፊት) በአግባቡ አውጥቶ መወርወር አቅቶታል። አንዳንዴ ቀለሁ በመውጫው መስኮት ላይ ተቀርቅሮ አፉን ወደ ሰማይ አንጋጥጦ ይቆማል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከመጉረሻው (ጥይቱ ከሚቀመጥበት የበርሜሉ የኋላ ክፍል) ንቅንቅ ሳይል ይቀርና ከካርታው፣ ማለትም ከጥይት መያዣው፣ የሚመጣው ተከታይ ጥይት ከኋላው ይጋጨዋል። ችግሩ ልምምድ ስንጀምር እምብዛም አይታይም፤ የሚብሰው ብዙ ከተኮስን በኋላ ነው።

የክበባችን መሣሪያ ጠጋኝ ተንሸራታቹን (በየተኩሱ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሄደውን የሽጉጡን ክፍል) ወደ ፊት የሚመልሰው ሞላ ስለደከመ ጠንከር ባለ ሌላ መተካት አለበት የሚል አስተያየት ሰጥቷል። አንድ የቡድን ጓደኛዬ በበኩሉ ዘይት እንዳበዛበት መከረኝ፤ ዘይቱን ስጨምር ለጥቂት ጊዜ ተሻለው፣ ከዚያ ወዲያ ግን ከበፊቱ ባሰ። ጥይቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ለዒላማ የተዘጋጀ መደበኛ ፍጥነት ያለው ሲሆን ሁለተኛው ማሸጊያው ላይ ከፍተኛ ፍጥነት እንዳለው የተጻፈበት ነው። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ ልምድ ያላችሁ ወገኖች፣ ሞላውን ከማስቀየራችን በፊት ምን ምን መመርመር እንዳለብን ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የጁገል ሰው

ወንድሜ፣ የሞላውን ነገር ለጊዜው ያቆዩት። በገለጻዎ ውስጥ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች በአንድ ስም ተጠርተዋል። ቀለህ ከመጉረሻው ጨርሶ አለመውጣቱ አንድ ጉዳይ ነው፤ ከመጉረሻው ወጥቶ ከሽጉጡ አለመወርወሩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የፊተኛው መጉረሻውን እንድንመረምር ያመለክታል፤ የኋለኛው በአብዛኛው ቀለሁን ይዞ ወደ ኋላ ከሚስበው ከሳቢው ጥፍርና መትቶ ወደ ውጭ ከሚወረውረው ከአስፈንጣሪው፣ አልፎ አልፎም ከተንሸራታቹ ጉዞ ማጠር ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ቀለህ ተቀርቅሮ ሽጉጡ በተያዘ ቁጥር ተንሸራታቹን ጎትቶ ቀለሁን ወዲያው መጣል ማስረጃን እንደ ማጥፋት ይቆጠራል። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳቀኑ፣ ጣትዎን ከቃታው አውጥተው፣ ካርታውን ከመንቀልዎ በፊት ቀለሁ የት እንደቀረ በመስኮቱ በኩል በጥንቃቄ ይመልከቱ። ቃታው ተስቦ ያልፈነዳ ጥይት በመጉረሻው ውስጥ ሊኖር ይችላል ብለው ከጠረጠሩ ግን አፈሙዙን ሳያዞሩ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ ይታገሱ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት ብርቅ ቢሆንም ያጋጥማል።

ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት የመሣሪያውን አሠራር ማየት ይጠቅማል። በባለ 22 የዒላማ ሽጉጦች አብዛኞቹ ውስጥ ተንሸራታቹን ከመጉረሻው ጋር የሚቆልፍ አካል የለም፤ በቦታው የሚያቆየው የራሱ ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ጋዙ አረሩን ወደ ፊት በሚገፋበት ጉልበት ቀለሁን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ቀለሁም ተንሸራታቹን እየገፋ ይወጣል። እንግዲህ የተተኮሰውን ቀለህ ከመጉረሻው የሚያወጣው በዋናነት ጋዙ እንጂ ሳቢው አይደለም ማለት ነው። የጣሊያኑ ቤሬታ 950 እና 21 የሚላቸው ትናንሽ ሽጉጦች ያለ ሳቢ ተሠርተው ቀለሃቸውን በጋዝ ግፊት ብቻ ማውጣታቸው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሳቢ ባላቸው ሽጉጦች ውስጥ ጥፍሩ፣ ያልተተኮሰ ጥይት ከማውጣቱ በተጨማሪ፣ የተተኮሰውን ቀለህ በተንሸራታቹ ፊት ላይ አጥብቆ ይዞ ከአስፈንጣሪው ጋር እስኪጋጭ ድረስ ያጓጉዘዋል። ከዚያም አስፈንጣሪው በግራ በኩል የቀለሁን የኋላ ጠርዝ ሲመታው፣ ጥፍሩ በቀኝ በኩል እንደያዘው ቀለሁ ዞሮ በመስኮቱ ይወረወራል። ጥፍሩ ከላላ ወይም ከሥሩ ቆሻሻ ከሞላ፣ ቀለሁ ከመጉረሻው ይወጣል፤ ነገር ግን አስፈንጣሪው ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይዘነበልና ተንሸራታቹ ሲመለስ መስኮቱ ላይ ይቀረቅረዋል።

ሌላ ልብ ሊሉት የሚገባ ምልክት አለ። ቀለሁ ተቀርቅሮ የሚቀረው ከካርታው የመጨረሻው ጥይት በተተኮሰ ጊዜ ብቻ ነውን? በካርታው ውስጥ ገና ጥይት እያለ፣ ከታች ያለው ጥይት ወደ ኋላ የሚጓዘውን ቀለህ ከሥሩ ደግፎ ስለሚይዘው የሳቢው ድካም ይሸፈናል። የመጨረሻው ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ግን ደጋፊ ስለሌለ ድካሙ ይገለጣል። ይህ ምልክት ከታየ ሳቢውን ከመጠርጠር ወደ ኋላ አልልም።

የተያዙትን ቀለሆች ከሌሎቹ ለይተው ያስቀምጡና ጠርዛቸውን በማጉያ መነጽር ይዩ። ጥፍሩ ጠርዙን ገምጦ ወይም ቀድዶ ካለፈ፣ ጥፍሩ ሥራውን ሊሠራ ሲታገል ቀለሁ መጉረሻው ውስጥ ተጣብቆበት ነበር ማለት ነው። ጠርዙ ላይ አንዳች የጥፍር ምልክት ከሌለ ደግሞ ጥፍሩ ከመጀመሪያውም አልያዘውም።

ወደ ሞላው ስንመለስ፣ የጠጋኙ ሐሳብ ከምልክቱ ጋር አይገጥምም። የደከመ ሞላ ተንሸራታቹ በፍጥነትና በኃይል ወደ ኋላ እንዲሄድ ስለሚያደርግ ቀለሁን ከወትሮው አርቆ ይወረውራል፤ ጉዳቱም የሽጉጡን አካል መደብደብና ተከታዩን ጥይት በሚገባ አለማጉረስ ነው። ጠንካራ ሞላ ቢገባለት የተንሸራታቹ ጉዞ ያጥርና አሁን አንዳንዴ የሚታየው መቀርቀር የዘወትር ይሆናል። በመሆኑም ሦስት ነገሮችን አጣርተው ይጻፉልን፤ ቀለሁ የሚቀርበትን ቦታ፣ ከካርታው ስንተኛው ጥይት ላይ እንደሚያጋጥም፣ የጠርዙንም ምልክት።

የከዚራ ነዋሪ

የጁገሉ ወንድማችን የተናገሩት ትክክል ነው፤ ነገር ግን እሳቸው ያሉበት ሐረር ከእኛው ድሬ በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለና ቀዝቀዝ ያለ አገር በመሆኑ የዚህን ከተማ ሙቀትና አቧራ አቅልለው እንዳዩት ይሰማኛል። የባለ 22 ጥይት አረር ብዙውን ጊዜ ሽፋን የሌለው ለስላሳ እርሳስ ሲሆን በአብዛኛው በሰም ወይም በሰም መሰል ቅባት ይለበጣል። ያ ቅባት በሙቀት ይለሰልሳል፤ የጥይት ማሸጊያ ቆሞ በሚውል መኪና ውስጥ ወይም በልምምድ ጠረጴዛ ላይ ፀሐይ እየመታው ከዋለ፣ ቅባቱ የነካውን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋው በሚነሳበት ወቅት በሜዳ የሚለማመድ ሰው ጥይቱን በጣቱ አሻሽቶ ቢመለከት የምለውን በቀላሉ ያገኘዋል። ሻካራው ነገር ሁሉ በካርታው በኩል አልፎ ወደ መጉረሻው ይገባል።

በዚህ ላይ ዘይት ማብዛት ተጨምሮ ሲታሰብ የባሰበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዘይቱ መጀመሪያ የደረቀውን ጥላሸት ስለሚያለሰልሰው ሽጉጡ የተሻለው ይመስላል፤ ከዚያ የባሩዱን ጥላሸት፣ ሰሙንና አቧራውን አንድ ላይ አቡክቶ ከሳቢው ሥር እንደ ገንፎ ይረጋል። ዘይት የሚያስፈልገው ተንሸራታቹ በሚሄድባቸው ሐዲዶች ላይ፣ ያውም በጣት ጫፍ ተዳሶ የሚታወቅ ያህል ብቻ ነው። መጉረሻው፣ የሳቢው ጎድጓዳና የካርታው ውስጥ ደረቅ መሆን አለባቸው። የዘይቱ ዓይነት ሰውን ማስጨነቅ የለበትም፤ በሐረር መኪና ግርግር በሚባለው ሰፈር ልብስ ሰፊዎቹ ለስፌት መኪናቸው የሚጠቀሙበት ቀጭን ዘይት በቂ ሲሆን የሞተር ዘይት ግን ለዚህ ሥራ ይወፍራል።

ስለ ጥይቱም አንድ ነገር ልጨምር። መደበኛ ፍጥነት ያለው ባለ 22 ጥይት 2.6 ግራም የሚመዝነውን አረር በሰከንድ 325 ሜትር አካባቢ ያስወነጭፈዋል፤ ከፍተኛ ፍጥነት ያለው ደግሞ 380 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የዒላማ ሽጉጦች ሞላ ብዙውን ጊዜ የሚመጠነው ለመደበኛው ነው። ሁለቱን ዓይነት በአንድ ካርታ ወይም በአንድ ልምምድ እያቀላቀሉ መተኮስ ምርመራውን ከንቱ ያደርገዋል፤ እንዲያውም ፈጣኑን በዚህ ዕድሜ ጠገብ ሽጉጥ ላይ ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ።

ድሬ 25 ሜትር (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተባለው መሠረት መደበኛውን ጥይት ብቻ ይዤ፣ የሚያዙትን ቀለሆች ለይቼ፣ ካርታውን ከመንቀሌ በፊት እየተመለከትኩ ለመለማመድ ሞከርኩ። በመስኮቱ ላይ የሚቀረቀሩት ከሞላ ጎደል ሁሉም የካርታው የመጨረሻ ቀለሆች ሆነው ተገኙ፤ በጠርዛቸው ላይ የጥፍር ምልክት አይታይም፣ ቢታይም እጅግ ደብዛዛ ነው። በመጉረሻው ውስጥ የሚቀሩት ግን ከየትኛውም ተራ ይመጣሉ፤ ሽጉጡ ከቆሸሸ በኋላ ብቻ የሚያጋጥሙ ሲሆን በጠርዛቸው አንድ በኩል የመቧጨር ምልክት አለባቸው። ከዚህም ሌላ፣ በአንዳንዶቹ ቀለሆች ጎን ላይ፣ ከጠርዙ ዝቅ ብሎ፣ ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ ላይ የሚገኝ ቀጭን ጭረት አስተውያለሁ። ይህ ጭረት ምን ያመለክታል?

የጁገል ሰው

ጭረቱን መጥቀስዎ ብዙ ድካም አስቀርቶልናል። መልሱን ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅና ራሴው ልገምት፤ ይህ ሽጉጥ ያለ ጥይት ቃታ እየተሳበ ለባዶ ልምምድ ሲያገለግል የኖረ ይመስለኛል። ባለ 22 ጥይት መቀጣጠያው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ስለሆነ መቺው መርፌ የሚያርፈው ጠርዙ ላይ ነው። ጥይት በሌለበት ጊዜ፣ ለባዶ ልምምድ ተብሎ ያልተዘጋጀ ሽጉጥ መርፌው ወደ ፊት ሄዶ የመጉረሻውን አፍ ራሱን ሊመታው ይችላል። ምቱ ሲደጋገም ብረቱን ያጎደጉደዋል፤ የተገፋው ብረት ደግሞ ወደ መጉረሻው ውስጥ ጥቂት ብቅ ይላል። ቀለሁ ሲተኮስ ስለሚያብጥ ያንን እብጠት ታክኮ ሲወጣ ይጫራል፤ መጉረሻው ንጹሕ ሲሆን እንደምንም ያልፈዋል፣ ጥላሸት ሲጨመርበት ግን ይጣበቃል። ብዙ ከተኮሳችሁ በኋላ የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ሽጉጡን ፈትተው፣ መጉረሻውን በሚገባ አጽድተው፣ መርፌው በሚያርፍበት አቅጣጫ የመጉረሻውን አፍ በብርሃንና በማጉያ መነጽር ይመልከቱት። ትንሽ የምት ጉድጓድ ካዩ ነገሩ አለቀ። የተተኮሰ ባዶ ቀለህ በጣትዎ ወደ መጉረሻው ቢያስገቡም በዚያው ስፍራ ሲነካ ይሰማዎታል። መፍትሔው ግን ሞረድም ብርጭቆ ወረቀትም አይደለም። ብረቱ ከተሞረደ መጉረሻው ይሰፋል፤ ያንን የሚመልሰው ኃይል ደግሞ የለም። ባለሙያ ሾጠጥ ያለ፣ ላዩ ልሙጥ የሆነ ጠንካራ የብረት ዘንግ አስገብቶ የተገፋውን ብረት ወደ ነበረበት ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል፤ ከብረቱ ግን ምንም አይቆርጥም። ይህን ሥራ ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ጠጋኝ ብቻ ይሥራው። ለወደፊቱም ባዶ ልምምድ ሲያደርጉ የፕላስቲክ የልምምድ ጥይት ይጠቀሙ፤ ወይም ከባለቤቱ መመሪያ ላይ ባዶ ቃታ መሳብ የተፈቀደ መሆኑን አስቀድመው ያንብቡ።

ሁለተኛው ችግር ሳቢው ነው። ተንሸራታቹን ካወለቁ በኋላ አንድ የተተኮሰ ቀለህ (ያልተተኮሰ ጥይት ፈጽሞ አይሁን) ከጥፍሩ ሥር አስገብተው በተንሸራታቹ ፊት ላይ እንዲያርፍ ያድርጉና ቀስ ብለው ያወዛውዙት። ጤነኛ ሳቢ ቀለሁን ይይዘዋል፤ የደከመው ወይም የቆሸሸው ይጥለዋል። ከጣለው ወዲያው አዲስ ሳቢ አይግዙ። ጥፍሩ ከተንሸራታቹ ጋር በሚገናኝበት ጎድጓዳ ውስጥ የሚረጋው ጥቁር ቅራሪ ጥፍሩ ተመልሶ እንዳይገጥም ስለሚከለክለው፣ መጀመሪያ በጥርስ ብሩሽና በጥቂት ነጭ ጋዝ አሟሙተው፣ በጫፉ በሾለ የእንጨት ስንጥር ጠርገው፣ በደንብ አድርቀው ፈተናውን ይድገሙት። አብዛኛው ሳቢ እዚህ ላይ ይድናል። አሁንም ከጣለው የጥፍሩን ጫፍ ይዩ፤ ሹልና ቀጥ ያለ መሆን ሲገባው ከዶለዶመ ወይም ከተቀነጠበ ይቀየራል፤ ጫፉ ደህና ከሆነ የራሱ ትንሽ ሞላ ደክሟል። ስለ ሞላ የሚወራው ወሬ ትክክል የሚሆነው እንግዲህ እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ ጠጋኛችሁ ካሰበው ከትልቁ ሞላ ጋር ግን ግንኙነት የለውም።

በርሜሉን በተመለከተ ብዙ የዒላማ ተኳሾች ለእርሳስ አረር የተስማማው የሰም ንጣፍ እንዳይነሳ ብለው አዘውትረው አያጸዱትም፤ ይህ ልማድ ተገቢ ነው። መጉረሻው ግን ከዚህ ልማድ ነጻ አይደለም። በመጉረሻው ውስጥ ከቀለሁ አፍ ፊት ለፊት የእርሳስና የጥላሸት ቀለበት ይሠራል፤ ይህም ጥይቱ ጥርቅም ብሎ እንዳይገባ ያደርጋል። ከየልምምዱ በኋላ አጭር የነሐስ ብሩሽ፣ የሽጉጡ አሠራር የሚፈቅድ ከሆነ ከበርሜሉ ጀርባ በኩል አስገብተው፣ በመጉረሻው ውስጥ ጥቂት ጊዜ አሽከርክረው ያጽዱት። ከአፈሙዙ በኩል የሚገባ ዘንግ የአፈሙዙን ከንፈር እንዳይፍቅ ያስፈራል።

ሴት ተኳሽ ከሐረር

በዝርዝር ስለተመለከታችሁት የመሣሪያ ጉዳይ የምጨምረው የለኝም፤ ከተኳሹ በኩል ያለውን ግን ላንሣ። በግፊት የሚሠራ ሽጉጥ ተንሸራታቹ ሙሉ ጉዞውን እንዲሄድ መያዣው ጸንቶ መቆም አለበት። የእጅ አንጓ ሲላላ የሽጉጡ አካል ከተንሸራታቹ ጋር አብሮ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ጉዞው ያጥራል። በ25 ሜትር በአንድ እጅ ብቻ ስለምንተኩስ፣ ይህ በተለይ በልምምዱ መጨረሻ ላይ ክንድ ሲደክም ያጋጥማል። አንድ ሰው ላይ ብቻ የሚያዝ ሽጉጥ ለሌላ ተኳሽ ተሰጥቶ መሞከር ያለበት ለዚህ ነው። በክበባችሁ በተኳሾች መካከል የቆሙ ጣውላዎች ወይም የቀለህ መያዣ መረቦች ካሉም፣ ከመስኮቱ እጅግ የቀረበ ጣውላ ቀለሁን አንጥሮ ሊመልሰው ስለሚችል ርቀቱን ተመልከቱ።

በውድድር ላይ ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ አብሮ መለማመድ ይገባል። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ቀለህ አለመውጣት ወይም አለመወርወር ከተፈቀዱት ብልሽቶች ውስጥ የሚቆጠር ስለሆነ ተኳሹ ተከታታይ ተኩሱን የመድገም ወይም የማሟላት ዕድል ያገኛል። ይሁን እንጂ ዳኛው ከማየቱ በፊት ተንሸራታቹን ወይም የደኅንነት ማቆሚያውን የነካ ተኳሽ ብልሽቱ ያልተፈቀደ ተብሎ ይመዘገብበታል፤ ያልተተኮሱት ጥይቶችም ዜሮ ይያዙበታል። በፈጣኑ የወንዶች ውድድር አምስት ጥይት በ8፣ በ6 እና በ4 ሰከንድ ስለሚተኮስ እጅ ከአእምሮ ቀድሞ ተንሸራታቹን መጎተት ይፈልጋል። ትክክለኛው ተግባር መያዣውን ሳይለቁ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳቀኑ ነጻ እጅን ከፍ አድርጎ ማሳየት ነው። በልምምድም ጊዜ ይህንኑ የሚያደርግ ሰው፣ የጁገሉ ወንድማችን የጠየቁትን ማስረጃ ሳያጠፋ ያቆያል ማለት ነው።

ድሬ 25 ሜትር (ጠያቂ)

የመጉረሻው አፍ ላይ የምት ጉድጓድ ተገኝቷል፤ ቀለሁም በዚያው ስፍራ ይነካል። ሳቢው ከጸዳ በኋላ ቀለሁን ይይዛል። የመጉረሻውን ሥራ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ለማቅረብ ክበቡ ደብዳቤ እያዘጋጀ ነው። እስከዚያ ድረስ መጉረሻውን ቶሎ ቶሎ እያጸዳን ብንተኩስበት ጉዳት ይኖረዋልን?

የጁገል ሰው

እብጠቱ ትንሽ ከሆነና ጥይቱ በራሱ ጊዜ ጥርቅም ብሎ የሚገባ ከሆነ ለጊዜው ሊተኮስበት ይቻላል። ጥይቱ ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ተንሸራታቹ በጥቂቱ ክፍት ሆኖ የሚቆም ከሆነ ግን ሽጉጡ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከልምምድ ይውጣ፤ ተንሸራታቹንም በአውራ ጣት ገፍቶ ለመዝጋት አይሞከር፤ ቀለሁ ሳይደገፍ ቢፈነዳ የነሐሱ ስብርባሪ በመስኮቱ በኩል ወደ ፊት ገጽ ይመጣል። መነጽር ያላደረገ ሰው ተኳሹ አጠገብም አይቁም። የያዘ ቀለህ ሲያወጡ በእንጨት ስንጥር እንጂ በቢላዋ ወይም በጠመንጃ መፍቻ አይጎርጉሩት፤ በመጉረሻው አፍ ላይ ሁለተኛ ጭረት ይጨምራሉ። ካጸዱ በኋላም እጅዎን ምግብ ከመንካትዎ በፊት በሳሙና ይታጠቡ፤ ያ ጥቁር ቅራሪ እርሳስ አለበት።